ያቺ ስንዝር

ኦስትራቫ፣ የካቲት። በረዶው ሲወርድ ነጭ ነው፣ መሬት ሲነካ ይጠቁራል፤
የከሰሉ ጉድጓድ ከተዘጋ ቆየ፤ ጥላሸቱ ግን ቀርቷል።
ሁለተኛው እቶን ታሟል ብለው ጠሩኝ።
ከጉሮሮው የሚወጣው ጠፍጣፋ ብረት
ግማሹ ብርቱካን፣ ግማሹ ደም መሳይ፣
ሁለት ዓይነት ንዴት በአንድ ሰውነት ላይ።

ኦልድርዚህ፣ የእሳቱ ሹም፣ ሠላሳ ዓመት የቆየ፣
በሰማያዊ መስታወት ነበልባሉን ያየ፣
«ሦስተኛው አኩርፏል» አለኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም፤
«እንዴት አወቅህ?» ስለው ጓንቱን አወለቀ እንጂ አልተናገረም።

እጅ አይገባበትም፣ ዓይን አይዘልቅበትም፤
ሺህ ሦስት መቶ ዲግሪ፣ ምስክር አይተርፍበትም።
ስለዚህ እቶኑን በቁጥር ሠራሁት፤
ግድግዳውን በነጥብ፣ ጣሪያውን በመስመር ቆለፍሁት፤
ሆዱን አራት መቶ ሺህ ሣጥን አደረግሁት።

እያንዳንዱ ሣጥን ስድስት ጎረቤት አለው፤
«ካንተ ምን ገባ? ከኔስ ምን ወጣ?» ነው ጭቅጭቃቸው።
ሙቀት ይበዳደራሉ፣ ጭስ ይቀባበላሉ፣
ሂሳቡ እስኪዘጋ ድረስ ተኝተው አያድሩም፤
አጠገባቸው ያለው ካልነገራቸው
ማዶ ቤት መቃጠሉን እንኳ አይሰሙም።
ጨረር ብቻ ነው፣ ጎረቤት ሳይጠይቅ፣
ከሩቅ ዘመድ ደብዳቤ ይዞ የሚዘልቅ።

የመጀመሪያው ሌሊት።
ኮምፒውተሩ ከጠረጴዛዬ ሥር እንደ አሮጌ ፍሪጅ ያጉረመርማል።
ጋዙ ገባ። አየሩ ገባ። ተገናኙ፤ ተቃቀፉ፤
ከዚያ እንደ ቀዝቃዛ እንግዶች በጭስ ማውጫው በኩል አለፉ።
አልነደዱም።
ያን ሁሉ ቀመር ስጽፍ፣ ያን ሁሉ ስደረድር
ክብሪት ረስቻለሁ።
ቀመሩ መንደድን ያውቃል፤
መጀመርን አያውቅም።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ ከአራት መቶ ሺህ መሃል አንዲት ሣጥን መረጥሁ፤
«ሁለት ሺህ ዲግሪ ነሽ» ብዬ ዋሸኋት፤ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ።
አመነች።
ለጎረቤቷ ነገረች፣ ጎረቤቷም ለጎረቤቷ፤
ሲነጋ እቶኑ ሙሉ እሳት ነበር፤ ውሸት ነበረች እናቷ።

ሦስት ሌሊት ፈጀ። ስህተቱ ሳሳ፣ ኮሰሰ፣
አንዳንዴ እንደ ግትር በቅሎ ወደ ኋላ ተመለሰ።
እሳት አመድ ወለደ ይባላል፤ የእኔ እሳት ወረቀት ወለደ፤
ቀይና ሰማያዊ፣ ወደ ወንዙ ግድግዳ ያዘነበለ ነበልባል፤
ከሰባቱ ማቃጠያዎች አምስተኛው ነው ያበደ።

ወረቀቱን ይዤ ወረድሁ።
ኦልድርዚህ አየው፣ ሻዩን አስቀመጠ፤
የኩባያው ክብ ሥዕሌ ላይ ቀረ።
ከዚያ ዝም ብሎ ወረቀቱን ገለበጠ።
«ድራሆሚራ፣ ከኋላው በር ጀምረሽ ነው የቆጠርሽው፤
እስኪ እኔ ከምቆምበት ቁጠሪው።»

አንድ። ሁለት። ሦስት።

ጆሮዬ ጋለ፤ እቶኑ ግን ሩቅ ነበር።

በሐምሌ እሳቱ ጠፋ፤ አራት ቀን ሙሉ ቀዘቀዘ።
ኦልድርዚህ በጉልበቱ ገባ፣ ባትሪ በጥርሱ እንደ ያዘ፤
እኔ ከኋላው፣ ካፖርቴ በጡብ ዱቄት ነጥቶ።
ግድግዳው ተበልቷል፣ እንደ ሻማ ቀልጦ ወርዷል፤
እኔ ካልሁት ቦታ ግን በጥቂቱ ርቋል።
መዳፉን ዘረጋ፤ ከአውራ ጣቱ እስከ ትንሿ፣
አንድ ስንዝር።
«ላልገባ ሰው» አለ፣ «ጥሩ ነው።»

አሁን እሱ ጡረታ ወጥቷል፤ ዓሣ ያጠምዳል።
አዲሱ ማሽን አርባ ሚሊዮን ሣጥን በአንድ ጀንበር ያነዳል።
ስንዝሯ ጠባለች፤ ሁለት ጣት ያህል ቀርታለች፤
አላለቀችም። ደመወዜን የምትከፍለኝ እሷ ነች።

እና ዛሬም፣ ጋዙን ከመልቀቄ በፊት፣
ማቃጠያዎቹን ከኦልድርዚህ በኩል እቆጥራለሁ፤
ከዚያ አንዲት ሣጥን መርጬ
እዋሻታለሁ።